ሮቶው ይቀልጣል፣ ጀልባው አይቀልጥም

ጣና ዳር፣ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ የፋይበር ጀልባ ተገልብጦ ተኝቷል። ሆዱ ላይ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ድሮ ሰማያዊ ነበር። አሁን ፀሐይ ቀለሙን ልጣው ነጭ ጭረቱ ብቅ ብሏል። እጃችሁን ካሳለፋችሁበት እስከ ማታ ያሳክካችኋል።

አንድ ጠዋት ቁራሌው በዚያ አለፈ። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጣራል። ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየው። ሞተር የሚታሰርበትን ብረት በድንጋይ እየመታ ነቀለ። ባለቤቱ ከጓሮ የተሰነጠቀ ሮቶ ጎትቶ አመጣለት። ተከራከሩ፣ ተስማሙ፣ ወሰደው። ለጀልባው ግን አምስት ሳንቲም አልሰጠም።

"ጀልባውንስ?" አልኩት።

"እሱ አይቀልጥማ። ማን ይገዛኛል?" ብሎኝ ሄደ።

ይቺ የቁራሌው መልስ ዛሬ የአውሮፓን ትልልቅ ፋብሪካዎች እንቅልፍ የነሳች ጥያቄ ናት። ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ግን ወደ እኛም እየመጣ ነው፤ እንዲያውም ጣና ዳር ደርሷል። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳችሁ።

በጎጃም ገጠር ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ኮምፖዚት ምን እንደሆነ ያውቃል። ስሙን አልሰማው ይሆናል እንጂ ነገሩን ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ጥቂት ቀን ከርሞ፣ በእግር ተረግጦ ሲመረግ ግን ዝናብና ፀሐይ የሚችል ግድግዳ ይሆናል። ጭዱ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጭቃው ደግሞ ጭዱን እንዳይበተን ያቅፈዋል። ኮምፖዚት ማለት ይኸው ነው። አንዱ ጭረት፣ ሌላው ማጣበቂያ።

በፋይበር ጀልባው በጭዱ ቦታ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር አለ። በጭቃው ቦታ ሬዚን አለ። ሬዚን ሲገዛ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ነው። ማድረቂያ ጠብ ሲደረግበት ነው የሚለወጠው።

አንድ ጊዜ ጀልባ ሲጠገን ቆሜ አይቻለሁ። ጠጋኙ በአሮጌ ጣሳ ሬዚን ቀዳ። ማድረቂያውን በጠርሙስ ክዳን ለክቶ ጨመረና በእንጨት አማሰለው። የመስታወት ጨርቁን ቀዳዳው ላይ አነጠፈ። በብሩሽ እየነከረ ጨርቁ ብርሃን እስኪያሳልፍ ቀባው። እጁ ይሮጣል፤ "ከያዘ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጣሳውን ብነካው እጅ ያቃጥላል፤ እሳት ግን በአጠገቡ የለም። በማግስቱ ስንመጣ ጣሳው ውስጥ የተረሳው ሬዚን ከነብሩሹ ድንጋይ ሆኗል። ብሩሹን ለማውጣት ጣሳውን በመዶሻ ሰበረው፤ ጣሳው ተሰበረ፣ ሬዚኑ ግን ብሩሹን አልለቀቀም።

የችግሩ ሁሉ ቁልፍ ያቺ ጣሳ ውስጥ ናት።

ፕላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሰም ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ደግሞ ይቀልጣል። ሮቶ የሚሠራበት ፕላስቲክ እንዲህ ያለ ነው። ቁራሌው የገዛውም ተፈጭቶና ቀልጦ ሌላ ዕቃ ስለሚሆን ነው። ባለሙያዎች ቴርሞፕላስቲክ ይሉታል። ሁለተኛው እንደ እንጀራ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ወጥቶ እንጀራ ከሆነ በኋላ ወደ ሊጥ አይመለስም። ብታሞቁት ይደርቃል፣ ቢብስ ያራል። የጀልባው ሬዚን የዚህ ወገን ነው፤ ስሙ ቴርሞሴት ይባላል። ማድረቂያው ሲገባ የሬዚኑ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እንደ መረብ ይተሳሰራሉ። ጣሳው የሞቀውም ያ ሁሉ ቋጠሮ ሲቋጠር በሚወጣው ሙቀት ነው። ከዚያ በኋላ ያ መረብ በእሳት ቢሞክሩት ይቃጠላል እንጂ አይፈታም።

ጭቃ ቤት ሲፈርስ አፈሩ ውኃ ይጠጣና ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ጣና ላይ የምናያት የደንገል ታንኳም ስታረጅ በስብሳ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። የፋይበር ጀልባ ግን ጌታው ካለፈ በኋላም እዚያው ይኖራል። ሲሠራ የተመሰገነበት ጥንካሬ ሲያረጅ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ጀልባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የብዙ አውቶቡሶች የፊትና የኋላ ገጽ ፋይበር ነው። ከሁሉም ትልቁ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ ነው። በአገራችን በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ጣቢያ 34 ተርባይን፣ ማለትም ነፋስ የሚያዞረው ማመንጫ፣ አለው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። በ2015 የተጨመረው አዳማ ሁለት 102 አለው። እያንዳንዱ ተርባይን 3 ክንፍ አለው። ስንደምረው አዳማ ላይ ብቻ 408 ክንፍ ይዞራል። የአንዱ ርዝመት ከ35 ሜትር በላይ ነው። ተርባይን ሲነደፍ ከ20 እስከ 25 ዓመት እንዲያገለግል ተብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክንፎች ከ2032 ጀምሮ ዕድሜያቸው ይሞላል። ይህ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ ይደርሳል።

የተርባይኑ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ክብደት ብረት፣ መዳብና የመሳሰለው ነው። እሱን ገዥ አያጣውም። የሚቀረው ክንፉ ነው። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ካስፐር በምትባል ከተማ ያረጁ ክንፎች ተቆራርጠው በቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው አፈር ሲለብሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ንጹሕ ኃይል ብለን የተከልነው ነገር መጨረሻው መቀበር ሆነ። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ኔዘርላንድስና ፊንላንድ እንዲህ ያለውን መቅበር ከልክለዋል። የአውሮፓ የነፋስ ኃይል ኩባንያዎች ማኅበርም በ2021 ራሱ ተነሥቶ "በመላው አውሮፓ ክንፍ መቅበር ከ2025 ጀምሮ ይከልከል" ብሎ ጠይቋል። ነጋዴ በራሱ ላይ ክልከላ ይምጣ ሲል ብዙ ጊዜ አንሰማም። እንዲህ ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው።

እሺ፣ ካልተቀበረ ምን ይደረግ?

አንዱ መንገድ መፍጨት ነው። ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ግን የሚገኘው ዱቄት የሚረባው ሌላ ዕቃ ሲሠራ ለማሟያ ለመጨመር ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ሁለተኛው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ይህኛው ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፣ ምክንያቱም ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ጥሬ ዕቃና ማገዶ። የተቆራረጠ ክንፍ ወይም ጀልባ ወደ እቶኑ ሲገባ ሁለቱንም ይዞ ይገባል። ሬዚኑ እንደ ከሰል ይነዳል። የመስታወት ክሩ ደግሞ ሲሊካ፣ ካልሲየምና አሉሚኒየም ያለበት ነው። ሲሚንቶ የሚፈልገውም እነሱኑ ነው። ስለዚህ አመድ የለም፤ ሁሉም ሲሚንቶው ውስጥ ይገባል። ጀርመን ውስጥ ላገርዶርፍ በሚባል ቦታ ያለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይህን ለዓመታት ሠርቶበታል። አሜሪካ ውስጥም ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቬኦሊያ የተባለው የቆሻሻ አያያዝ ኩባንያ በ2020 ተዋውለው ያረጁ ክንፎችን እየከተፉ ለሲሚንቶ ፋብሪካ መላክ ጀመሩ። በጃፓንም ከ2005 ጀምሮ አሮጌ የፋይበር ጀልባዎች ተሰብስበው መጨረሻቸው የሲሚንቶ እቶን የሆነበት ሥርዓት አለ።

ጉድለትም አለው። ብዙው የመስታወት ክር ቦሮን አለበት። ቦሮን ሲበዛ ሲሚንቶው የሚይዝበትን ጊዜ ያዘገየዋል። ስለዚህ በልክ ነው የሚጨመረው። ከዚህ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ኃይል ፈጅቶ የተፈተለ ክር ተመልሶ ክር አይሆንም። የሐር ጥልፍ ቀሚስ ቀዶ ለመወልወያ ማድረግ ነው። ቢሆንም ከመቅበር ይሻላል፤ ሜዳ ላይ ከማቃጠል ደግሞ እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አየር በሌለበት እቶን ከ450 እስከ 700 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚኑ ጋዝና ዘይት ሆኖ ይለቃል፤ ክሩ ይቀራል። እንደ አውሮፕላን ባለው ነገር በመስታወቱ ክር ቦታ ለሚገባው የካርቦን ክር ይህ ጥሩ ነው። ጥንካሬው ብዙም አይቀንስም። ዋጋውም ውድ ስለሆነ ገዥ አለው። ቦይንግ 787 የተባለው አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተረከበው እሱን ነው። ቦይንግ በ2018 ከአንድ የእንግሊዝ የካርቦን መልሶ መጠቀሚያ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ከፋብሪካዎቹ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ለዚህ ሥራ መስጠት ጀመረ። የመስታወት ክር ግን በዚህ ሙቀት ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። አዲሱም ርካሽ ነው። ርካሽ ነገርን በውድ ዋጋ ማዳን ማንም አይፈልግም። ቁራሌው ያለኝም ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ቴክኒኩ ካለ ችግሩ ለምን አልተፈታም? ችግሩን አንድ ሰው ብቻውን ሊፈታው ስለማይችል ነው። አስቡት። ሬዚኑ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የኬሚካል ፋብሪካው ነው። ክንፉ ውስጥ የት ቦታ እንጨት፣ የት ቦታ አረፋ፣ የት ቦታ የመብረቅ ሽቦ እንዳለ የሚያውቀው ክንፍ ሠሪው ነው። ለመቁረጥና ለማጓጓዝ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቀው ቆራጩ ነው። እቶኑ ምን እንደሚችል የሚያውቀው ሲሚንቶ አምራቹ ነው። እያንዳንዱ የያዘውን ምስጢር ብሎ ከዘጋ ጀልባው እንደተገለበጠ ይቀራል።

እኛ ጋ ለዚህ ስም አለው። ወንፈል ነው። ዛሬ ሁላችንም ያንተ ማሳ ላይ፣ ነገ ሁላችንም የእኔ ማሳ ላይ። ጎረቤቴ ገበያ ላይ በጤፍ ዋጋ ሊሽቀዳደመኝ ይችላል፤ አጨዳ ሲደርስ ግን ማጭዱን ይዞ ይመጣል። እነዚህ ኩባንያዎችም ያደረጉት እንደዚያ ነው።

በዴንማርክ ከ2021 እስከ 2023 ዴኮምብሌድስ የሚባል የጋራ ፕሮጀክት ነበር። ተርባይንና ክንፍ ሠሪዎቹ ቬስታስ፣ ሲመንስ ጋሜሳና ኤል.ኤም. ዊንድ ፓወር በገበያ ተፎካካሪዎች ናቸው። እዚህ ግን ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሲሚንቶ ማሽን ሠሪውና ከብረት ሰብሳቢው ጋር አንድ ላይ ተቀመጡ። ከሠሩት ሥራ እኔ የወደድኩት በጣም ቀላሉን ነው። ለክንፍ መታወቂያ አወጡለት። ክንፉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሚመዝን፣ አደገኛ ነገር የት እንዳለ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ ይሞላል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚቆርጠው ሰው ቅጹን አይቶ ይቆርጣል። መድኃኒት ላይ ምን እንዳለበት ይጻፋል፤ ክንፍ ላይ እስካሁን አለመጻፉ ነው የሚገርመው።

ሌላው የዴንማርክ ወንፈል ሴቴክ ይባላል። ቬስታስ፣ ሬዚን ሠሪው ኦሊን፣ የዴንማርክ የቴክኖሎጂ ተቋምና የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ጀመሩት። ያነሱት ጥያቄ ደፋር ነበር። እንጀራውን ወደ ሊጥ መመለስ ይቻላል ወይ? በ2023 ቬስታስ አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ክንፎች ጭምር የሚፈታ የኬሚካል ዘዴ ተገኝቷል ብሎ አስታወቀ። መጀመሪያ ክሩና ሬዚኑ ይለያያሉ። ቀጥሎ ሬዚኑ ራሱ ወደተሠራበት ንጥረ ነገር ይበተናል። በዚያው ዓመት የኦርሁስ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ከእውነተኛ የክንፍ ቁራጭ ላይ ክሩንም የሬዚኑን መነሻ ኬሚካልም ማውጣታቸውን አሳተሙ። የኬሚካል ለውጡን ለማፋጠን የተጠቀሙበት ነገር ግን ሩቴኒየም የሚባል ውድ ብረት ያለበት ነው። ከቤተ ሙከራ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ገና ነው። ያም ሆኖ፣ አይፈታም የተባለው መረብ መፈታቱ ታይቷል።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ከመጀመሪያው የሚፈታ አድርገን ብንቋጥረውስ አሉ። ዜብራ የተባለው ፕሮጀክት በ2020 ሲጀመር ሬዚን ሠሪው አርኬማ፣ የመስታወት ክር ሠሪው ኦወንስ ኮርኒንግ፣ ክንፍ ሠሪው ኤል.ኤም.፣ ኃይል አምራቹ ኤንጂና ቆሻሻ አያያዡ ሱዌዝ በአንድ የምርምር ተቋም ሥር ተሰባሰቡ። ክንፉን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው ማለት ነው። ኤልየም የሚባለው ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፣ ይጠነክራል፤ ግን የሰሙ ወገን ነው። በኋላ ሊፈታ ይችላል። በ2022 ከእሱ 62 ሜትር ርዝመት ያለው ክንፍ ስፔን ውስጥ ተሠራ። ቀጥሎ በ2023 የ77 ሜትር ተከተለ። ሲመንስ ጋሜሳም በአሲድ ውኃ የሚፈታ ሬዚን ያለውን ክንፉን በ2022 ጀርመን ባሕር ላይ አቁሟል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ክንፉን እንዳለ ለሌላ ሥራ ያዋሉትም አሉ። አየርላንድ ውስጥ በኮርክ አውራጃ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተሸካሚው አሮጌ ክንፍ ነው፤ በ2022 ነው የተዘረጋው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጎማ ጫማ፣ ከበርሜል ምድጃ የምናወጣ ሰዎች ነን።

ወደ ጎጃም ልመለስ። የነፋስ ማመንጫ እዚህ የለንም። ጀልባ ግን አለን፤ አውቶቡስም አለን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አለን። የጨርቃ ጨርቅ ተቋሙ የቃጫንና የእንሰትን ጭረት ከሬዚን ጋር የሚያዋህድ ምርምር ይሠራል። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ቃጫው ቢበሰብስም ያጣበቀው ሬዚን አይበሰብስም። ጭረቱን የአገር ውስጥ አድርጎ ማጣበቂያውን ቴርሞሴት ማድረግ ችግሩን አይፈታውም። ምርምሩ ማጣበቂያው ላይም መሄድ አለበት።

ደጀን ደግሞ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ የኖራ ድንጋይ ሞልቶላታል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ግንባታ ወደዚያ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። የተሰባበሩ ጀልባዎችና የአውቶቡስ ገጾች አንድ ቦታ ቢጠራቀሙ፣ ዩኒቨርሲቲው ይዘታቸውን ቢመረምር፣ የጀልባ ማኅበራት ማጓጓዣውን ቢጋሩ፣ እቶኑ የሚችለውን ቢቀበል ሩቅ አገር መሄድ ሳያስፈልግ የራሳችን ወንፈል ይሆናል። ዛሬ ያለን ቆሻሻ ትንሽ ነው። ለፋብሪካው ላያዋጣው ይችላል። እኔ ግን መጀመር ያለበት ትንሽ ሳለ ነው ባይ ነኝ። የአዳማ 408 ክንፎች ሲወርዱ ቢያንስ አንዴ የሞከረ ሰው በአገሩ ይኖራል።

እስከዚያው እጃችሁ ላይ ፋይበር ካለ አታቃጥሉት። ጭሱ ጥቁርና መርዛማ ነው፤ ክሩም አይቃጠልም፣ ይበተናል። በፍሌክስ (በሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መቁረጫ) የምትቆርጡ ከሆነ ውኃ እያፈሰሳችሁ ቁረጡ። አፍና አፍንጫችሁን፣ ዓይናችሁንም ሸፍኑ። ብናኙ ዱቄት ቢመስልም የተፈጨ መስታወት ነው። ልብሳችሁን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት።

የዚያ ጀልባ ባለቤት ባለፈው ሳምንት ግማሹን ለከብት ውኃ ማጠጫ ገንዳ ሊያደርገው ቆረጠው። ጠርዙን በሬዚን ደፍኖታል፤ የላም ምላስ እንዳይቆርጥ። አዲስ ጀልባ ሊገዛ ብር እያጠራቀመ ነው። ዋጋ ሊጠይቅ ሄዶ ሻጩን "ይቺ ስታረጅ ማን ይወስዳታል?" ብሎ ጠየቀው። ሻጩ እስካሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረው። ቀሪው ግማሽ አሁንም ጣና ዳር ተገልብጦ ተኝቷል።